ስለ አንድ ፊልም መጨረሻና ስለ አንድ ጋቢ

የጀግና ታሪክ መስማት የማይወድ ሰው በዓለም ላይ የሚገኝ አይመስለንም። አገሩ ቢለያይ፥ ቋንቋውም ቢለያይ፥ ልጅ ሁሉ ከአያቱ እግር ሥር ተቀምጦ «ከዚያስ?» ማለትን ያውቅበታል። እኛም በይፋት ቆላ የተወለድን ሰዎች ከዚህ ወግ አልወጣንም። በጣልያን ወረራ ዘመን በነራስ አበበ አረጋይ መሪነት በሸዋ ተራራና ሸለቆ ስለ ተዋጉት አርበኞች አያቶቻችን ሲያወሩ እንቅልፋችንን እያባረርን አዳምጠናል፤ ወሬው ባለቀ ጊዜም «ከዚያስ?» እያልን ዕረፍት ነሥተናቸዋል። ይህ «ከዚያስ?» የሚባል ጥያቄ ካደግን በኋላም አልተወንም። ከምድጃው ዳር ተነሥቶ ተከትሎን ወደ ቪዲዮ ቤት ገባ።

ዛሬ በዚህ መጽሔት ለአንባቢያን ልናቀርብ ያሰብነው ጉዳይ አንድ ፊልም ያሳደረብንን ስሜት ነው። ፊልሙ ስለ ባትማን፥ ማለት ስለ ሌሊት ወፉ ሰው፥ በተከታታይ ከተሠሩት ሦስት ፊልሞች የመጨረሻው ነው። «የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ፥ ትዳርና ልጅ ይዞ፥ ጭምብል ስላጠለቀ የአሜሪካ ጀግና መጻፍ ምን ይሉታል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም። ብቻ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምነዋለን፤ እኛ ራሳችን ይህን ፊልም መጨረሻውን ሳናይ ፈርደንበት ስለ ነበረ፥ ቸኩሎ መፍረድ የሚያስከትለውን ኀፍረት እናውቀዋለን።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን የሚወርድ መንገደኛ ወደ እርሷ በተቃረበ መጠን ልብሱን እያወለቀና የመኪናውን መስኮት እየከፈተ ይመጣል። ምድሯ ሽንኩርትና ማሾ፥ ማንጎና ፓፓያ ያበቅላል፤ በገበያዋም አማራው፥ አርጎባው፥ አፋሩና ኦሮሞው ይገናኛሉ። ፀሐይዋ ግን ምሕረት የላትም። ከቀትር በኋላ ሽማግሌው የዛፍ ጥላ፥ ነጋዴው የሱቁን በረንዳ ሲፈልግ፥ በእኛ ጊዜ የነበረው ወጣት ደግሞ የሚጠለለው ከቪዲዮ ቤት ነበር። እውነቱን ለመናገር፥ በቆርቆሮ ጣራ ሥር መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ስድሳ ሰው የታጨቀበት ቤት ከውጭው ይልቅ ይሞቅ ነበር፤ ነገር ግን የጎተም ከተማ ሌሊት ሁልጊዜ ጨለማና ዝናብ ስለ ሆነ፥ እርሱን እያየን የቀዘቀዝን ይመስለን ነበር።

ቪዲዮ ቤት የራሱ ቋንቋና የራሱ ሕግ ነበረው። በዚያ ቋንቋ «አክተር» ማለት ተዋናይ ማለት አይደለም፤ ጀግናው ማለት ነው። ክፉውን ሰው ሆኖ የሚጫወተው ምንም ያህል ቢደክምና ቢያልበው «አክተር» አይባልም፤ እርሱ «ቦስ» ነው። ሕጉም በጥቂት ቃላት የተወሰነ ነው፤ «አክተር አይሞትም» ይላል። ይህ ሕግ ከፊልም አልፎ በየመንገዱ ይሠራ ነበር። ባጃጅ ተገልብጣ ሾፌሩ አቧራውን እያራገፈ ሲነሣ፥ ፈተና የወደቀ ተማሪ በሁለተኛው ሲያልፍ፥ ለሞት ያሰጋ በሽተኛ ከአልጋው ሲወርድ፥ ጓደኞቹ «አክተር አይሞትም!» ብለው ይቀበሉታል። ወጣቱ በዚህ ቃል ይስቅበታል እንጂ፥ በልቡ ግን እንደ ጸሎት ይዞት ነበር።

ባትማን በአሜሪካ አገር በሥዕል ታሪክ መጽሔት ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1931 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1939) ነው። የፈጠሩትም ቦብ ኬን የተባለው ሥዓሊና ቢል ፊንገር የተባለው ደራሲ ናቸው። ያ ዓመት ጣልያን በአገራችን የነበረበት፥ አርበኞቻችንም በየዱሩ የሚንከራተቱበት ዓመት ነው። እነዚያ ሰዎች በወረቀት ላይ ጀግና ሲፈጥሩ፥ የእኛ አያቶች ጀግና በሥጋና በደሙ እየተራበ ሲያልፍ ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ባትማን ብዙ ፊልም ተሠርቷል፤ እኛን የማረኩን ግን በእንግሊዝ አገር የተወለደው ክሪስቶፈር ኖላን ያዘጋጃቸው ሦስቱ ናቸው። የመጀመሪያው በ1997፥ ሁለተኛው በ2000፥ ሦስተኛው በሐምሌ ወር 2004 ዓ.ም. ለሕዝብ ታዩ። በሦስቱም ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ክሪስቲያን ቤል ነው።

እነዚህን ፊልሞች የወደድንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ይህ ጀግና እንደ ሌሎቹ ከሰማይ አልወረደም፤ በገዛ ክንዱም አይበርም። ብሩስ ዌይን የሚባል ሀብታም ልጅ ነበር፤ በሕፃንነቱ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ የሌሊት ወፎች ስላስፈራሩት፥ ካደገ በኋላ ያንኑ የሚፈራውን ነገር መልኩ አደረገው። እናትና አባቱ በዓይኑ ፊት በሌባ ጥይት ተገደሉ፤ እርሱም ኀዘኑን ወደ ሥራ መለሰው። ሁለተኛው ፊልም ከመጀመሪያው በለጠ። ጆከር የተባለውን ቦስ ሆኖ የተጫወተው ሂዝ ሌጀር ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በጥር 2000 ዓ.ም. በወጣትነቱ ሲሞት፥ የኦስካር ሽልማቱ በዓመቱ በስሙ ተሰጥቷል። በዚያ ፊልም መጨረሻ ባትማን የሌላውን ሰው ኃጢአት በራሱ ላይ ጭኖ፥ ፖሊሶችና ውሾች እያሳደዱት በጨለማ ይሰወራል። «ከዚያስ?» ብለን አራት ዓመት ጠበቅን።

ሦስተኛው ፊልም ወደ ሠፈራችን ቪዲዮ ቤት የደረሰው በ2005 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። ዲስኩ የአማርኛ ትርጉም አልነበረውም፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ይወጣበታል። እኛ በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ የምንጠባበቅ ነበርን። የቤቱ ባለቤት፥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው፥ በበሩ አስቁመው «አንተ እንግሊዝኛ ተምረሃል፤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቁምና ለሰዉ ንገር፤ ገንዘብ አልቀበልህም» አሉን። በዚያች ቀን የተሰማን ኩራት በኋላ የመንግሥት ሥራ ባገኘን ቀን ከተሰማን የሚያንስ አልነበረም። ቁመን ጀመርን።

ፊልሙ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ ነው። አክተራችን ስምንት ዓመት ቤቱን ዘግቶ ተቀምጦ፥ በከዘራ እያነከሰ ሲወጣ ባየን ጊዜ ቤቱ ሁሉ አጉረመረመ። ቤይን የተባለው ቦስ፥ አፉን በብረት ጭምብል የሸፈነው ግዙፍ ሰው፥ አክተሩን አንሥቶ ወገቡን በጉልበቱ ላይ ሲሰብረው ግን ጉርምርምታው ጠፍቶ ዝምታ ሆነ። በአግዳሚው ወንበር ጫፍ የተቀመጠ ልጅ «ተርጉም እንጂ! ምን አለ?» ብሎ ጮኸብን። የተባለ ነገር አልነበረም፤ አጥንት ሲሰበር ትርጉም አይሻም።

ከዚያ በኋላ ቤይን አክተሩን በሩቅ አገር ከሚገኝ ጉድጓድ ወኅኒ ይጥለዋል። ወደ ጎተም ተመልሶም ድልድዮቿን አፍርሶ፥ ፖሊሶቿን ከመሬት በታች ዘግቶ፥ ቦምብ እያዞረ ከተማዪቱን ለወራት በፍርሃት ይገዛታል። የጉድጓዱ እስረኞች ገመድ በወገባቸው አስረው ግድግዳውን ለመውጣት ይሞክራሉ፤ ሁሉም ይወድቃሉ። የወጣ አንድ ሕፃን ብቻ ነው፤ እርሱም ያለ ገመድ ነው። አክተሩም ወገቡ ከዳነ በኋላ ገመዱን ፈትቶ፥ ሞትን እንደገና ፈርቶ ዘለለ፤ ያዘ፤ ወጣ። በዚህ ጊዜ በቪዲዮ ቤታችን የተነሣው ጭብጨባ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ከጭብጨባው መካከልም አንድ ልጅ ከጉድጓዱ አፍ ውጭ የሚታየውን ምድር አይቶ «ይህ እኮ ህንድ ነው! የማውቀው አገር ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሁላችንም ሳቅንበት። ቦታው በእውነት በህንድ አገር በጆድፑር አካባቢ የተነሣ መሆኑን ያወቅነው ከዓመታት በኋላ ነው። በህንድ ፊልም ያደገ ዓይን አልተሳሳተም ነበር።

አሁን ወደ ጥፋታችን ደርሰናል። ከፊልሙ ፍጻሜ አጠገብ ቦምቡ ሊፈነዳ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፥ ባትማን ቦምቡን በአውሮፕላኑ ጎትቶ ወደ ባሕር ሊወስድ ይነሣል። ጎርደን የተባለው ሽማግሌ የፖሊስ አዛዥ «ሕዝቡ ያዳነውን ጀግና ማንነት ማወቅ አይገባውምን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ባትማንም ጥቂት ቃል ይመልስለታል። ቤቱ በጩኸት ተሞልቷል፤ ሰዉ ቁሟል፤ ጽሑፉ በፍጥነት ያልፋል። እኛ ካነበብነው ውስጥ «ካፖርት» የሚል ቃል አይተን፥ በዚህ ሰዓት ካፖርት ምን አገባው ብለን ናቅነውና «ደኅና ሁን ብሎታል» ብለን አለፍነው። አውሮፕላኑ ተነሣ፤ በባሕሩ ላይ ታላቅ ብርሃን ፈነዳ፤ ወዲያውም መብራት ጠፋ።

በመጀመሪያ መብራቱ የጠፋው በፊልሙ ውስጥ መስሎን ነበር። ጋሼ ክብሪት ሲጭሩ ነው እውነቱን ያወቅነው። እስከ ምሽት ጠበቅን፤ አልመጣም። ዲስኩ የኪራይ ስለ ነበረ በማግስቱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። እንግዲህ የሸዋ ሮቢት ስድሳ ሰው አክተሩ መሞቱንም መዳኑንም ሳያውቅ ቀረ።

ክርክሩ ሦስት ቀን ቆየ። አንዱ ወገን «ያ ሁሉ እሳት አይተን እንዴት ይድናል?» ይላል፤ ሌላው ወገን «አክተር አይሞትም» ከሚለው ሕግ ንቅንቅ አይልም። እኛም አስተርጓሚ በመሆናችን ከሁለቱም ወገን እንጠየቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከቡና ጠጪዎቹ መካከል የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንድንነግራቸው ጠየቁን። ነገርናቸው። በጥሞና ካዳመጡ በኋላ «ልጆቼ፥ ስለ አንድ ሰው ሦስት ቀን ተከራከራችሁ፤ ለመሆኑ የከተማው ሕዝብ ምን ሆነ?» አሉ። መልስ አልነበረንም። የሕዝቡን ነገር ፊልሙም አላሳየን፥ እኛም አልጠየቅን።

መጨረሻውን ያየነው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ለባትማን መቃብር ተቆፍሮለት፥ ቤቱ ለወላጅ አልባ ልጆች መኖሪያ ተደርጎ፥ ሁሉም ካለቀሰለት በኋላ፥ ያሳደገው ሽማግሌ አሽከሩ አልፍሬድ በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ ከአንድ ካፌ ተቀምጦ ቀና ቢል፥ የቀበረው ልጅ ከአንዲት ሴት ጋር በሌላ ጠረጴዛ ተቀምጦ ያየዋል። አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ንግግር የለም። አክተር አልሞተም ነበር።

ደስ ሊለን ሲገባ ተቆጣን። ጀግና ወይ ይሞታል፥ ወይ ይነግሣል፤ ካፌ ቁጭ ብሎ ይገኛል ወይ? ብለን አማረርን። ቁጣ ሲመጣ ደግሞ ዓይን ጉድለት አይስተውም። ለወራት ከመሬት በታች የተዘጉት ፖሊሶች ጺማቸውን ተላጭተው ይወጣሉ። አክተሩ ከሩቅ አገር ያለ ገንዘብና ያለ ወረቀት እንዴት ተጉዞ ወደ ተዘጋች ከተማ እንደ ገባ የሚነግረን የለም። ያን ያህል ያስፈራን ቤይን በአንድ ተኩስ ተወርውሮ ይረሳል። ከሁሉም በላይ የሽማግሌው ጥያቄ አለ፤ በዚያች ታላቅ ከተማ ውስጥ የሚጋገር እንጀራ፥ የሚያለቅስ ሕፃን፥ የሚጨነቅ አባት አይታይም። ስለዚህ «ሦስተኛው ከሁለተኛው ያንሳል» ብለን ፈረድንና ነገሩን ዘጋነው። እንደ ብዙ ሰው ፍርድ ትክክል ነበርን፤ ግን መጨረሻው ገና አልተገለጠልንም ነበር።

ዓመታት አለፉ። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፤ ሰው ሁሉ ፊልሙን በእጅ ስልኩ ማየት ጀመረ። እኛም የመንግሥት ሥራ ይዘን፥ ትዳር መሥርተን፥ ልጅ ወለድን። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ የደረሰው ጥፋት ሐዘን በይፋት ሁሉ ላይ ገና ሳይደርቅ፥ በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ ወርዶ ሸዋ ሮቢት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። በዚያ ጊዜ ስለሆነው ነገር ሁሉ መጻፍ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ከእኛ ይበልጥ ያየና ከእኛ ይበልጥ የተጎዳ ሰው አለ። የምንናገረው ስለ አንዲት ሌሊት ብቻ ነው።

ሦስት ዓመት የሆነውን ልጃችንን ይዘን፥ ባለቤታችን አንዲት ዘንቢል አንጠልጥላ፥ በሽንኩርት መጫኛ መኪና ላይ ከብዙ ሰው ጋር ተጭነን ወጣን። የለበስነው የቆላ ልብስ ነው። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ነፋሱ መለወጥ ጀመረ። ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ በመኪናው ላይ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ዝም አለ፤ ከዋሻው ወጥተን የደጋው ብርድ ፊታችንን ሲመታን ሕፃናቱ ባንድነት አለቀሱ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ መሽቷል። ከተማዪቱ ያለችበት ከፍታ 2,840 ሜትር ገደማ ነው፤ በኅዳር ወር ደግሞ ውርጩ ምን እንደሚመስል የሸዋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዘመድ አልነበረንም። ከመንገድ ዳር ካለ አንድ አጥር ሥር ተጠግተን ተቀመጥን።

ልጃችን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከንፈሩ ጠቆረ። ሸሚዛችንን አውልቀን ደረብንበት፤ አልበቃም። አባት መሆን ምን ያህል ባዶ እጅ መሆን እንደሚቻል ያየነው በዚያች ሰዓት ነው። ወዲያው የግቢው በር ተከፍቶ አንዲት አሮጊት ፋኖስ ይዘው ወጡ።

«ልጄ፥ ይኼ ሕፃን ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንዘፈዘፈው?» አሉ።

«ከቆላ መጥተን ነው እማማ፤ ከሸዋ ሮቢት።»

«ኧረ በሞትኩት!» አሉና ፋኖሱን መሬት አስቀምጠው የለበሱትን ጋቢ ከትከሻቸው ገፈፉት። በአራት አጥፈው ልጁን ራሳቸው ጠቀለሉት፤ ጫፉንም ከአገጩ ሥር ወሸቅ አደረጉለት። «አይዞህ የኔ ጌታ፥ አሁን ይነጋል» አሉት።

«እማማ፥ እርስዎስ ምን ሊለብሱ ነው? ብርዱ ይጎዳዎታል» አልናቸው።

«እኔማ ቤቴ ነኝ» አሉ።

ከዚያም ገብተው የገብስ ቆሎና ትኩስ ሻይ ይዘው ተመለሱ። የቤታቸውን ወለል አሳዩን፤ ሌሎች ተፈናቃዮች ቀድመው ሞልተውታል፤ ቢሆንም ለባለቤታችንና ለልጃችን ስፍራ ተገኘ። እኛ ከደጁ ሆነን እስኪነጋ ድረስ ልጁ ሲተነፍስ በበሩ ስንጥቅ እናዳምጥ ነበር። ሲነጋ ለመመዝገብ ወደ ሌላ ሠፈር ተወሰድን። ጋቢውን ለመመለስ በሳምንቱ ስንመጣ በሩ ተቆልፎ አገኘነው፤ ጎረቤት «ለለቅሶ ወደ ገጠር ሄደዋል» አለን። ስማቸውን አልጠየቅንም ነበር። ለጎረቤት እንዳንሰጥ አደራ መስሎን፥ ጋቢው ከእኛ ጋር ቀረ።

ከተማችን በዚያው በኅዳር ወር በመንግሥት ጦር እጅ ተመለሰች፤ እኛም ወደ ቤታችን ተመለስን። የቤቱ በር ተሰብሯል፤ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ በየወለሉ ተበትኗል። ወረቀት ከወረቀት እየለየን ስናነሣ ወራት አለፉ። አንድ ማታ አንድ ባልደረባችን ኮምፒውተሩን ይዞ መጣና፥ ሐሳባችንን ለማሳረፍ ከድሮ ፊልሞች አንዱን እንድንመርጥ ጠየቀን። እኛም ምን እንደ ገፋፋን ሳናውቅ ባትማንን መረጥን፤ ሦስቱንም በሦስት ማታ አየናቸው።

በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ የረሳነው አንድ ትዕይንት አለ። ወላጆቹ የተገደሉበት ያ ሕፃን በፖሊስ ጣቢያ ብቻውን ተቀምጧል። ገና ወጣት የነበረው ፖሊስ ጎርደን ጎንበስ ብሎ የሟቹን አባቱን ካፖርት ከልጁ ትከሻ ላይ ይጥልለታል። ይኸው ነው፤ ሌላ የሚሠራለት ነገር የለም፤ አባቱን አያስነሣለትም። በሦስተኛው ማታ ጎርደን ያንን ጥያቄ ሲጠይቅ ጽሑፉን እንደገና አነበብነው። በዚህ ጊዜ የሚጮህ ሰው አልነበረም። ባትማን የሚመልሰው፥ ጀግና ማንም ሊሆን እንደሚችል፥ ለአንድ ሕፃን ዓለም እንዳላለቀች እንዲያውቅ ካፖርት ትከሻው ላይ የጣለለትም ሰው ጀግና እንደ ሆነ ነው። ፊልሙን አቁመን ተነሣን። ባለቤታችን «ምን ሆንህ?» አለች። ጋቢው ከሣጥኑ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ልጃችን በሙቀቱ ምክንያት ልብሱን ገፍፎ ተኝቷል።

እኛ «ደኅና ሁን ብሎታል» ብለን ያለፍነው ቃል ይህ ነበር። ስድሳ ሰው ሊሰማው የመጣውን ነገር፥ አስተርጓሚ ተብለን ቁመን፥ እኛ ራሳችን ቀበርነው። መብራቱ ባይጠፋም ኖሮ መጨረሻውን አያዩትም ነበር፤ መጨረሻው ካፌው ሳይሆን ያ ቃል ነውና። ለሽማግሌውም ጥያቄ መልሱ እዚያ ነበር። በጎተም ውስጥ የከተማው ሕዝብ ምን እንደ ሆነ ፊልሙ በሚገባ አላሳየም፤ ይህ ጉድለቱ ዛሬም ጉድለት ነው። ነገር ግን ባትማንን ራሱን ያሳደገው ከዚያ ሕዝብ መካከል የወጣ የአንድ ተራ ፖሊስ እጅ መሆኑን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተናዝዟል። ይህን ለሽማግሌው ልንነግራቸው በወደድን፤ እርሳቸው ግን ጦርነቱን ሳያዩ ዐርፈዋል።

ስለ ካፌውም ሐሳባችንን ለውጠናል። ወደ ቤታችን በተመለስንበት ሰሞን አንድ ጠዋት ከደጃፋችን ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፥ የሚያባርረንም፥ የምናባርረውም ሳይኖር፥ ጎረቤት በመንገድ ሲያልፍ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አለን። ለካስ ሰው ከብዙ መከራ በኋላ የሚመኘው ዙፋን አይደለም፤ ማንም ሳያየው በሰላም መቀመጥን ነው። በዚያን ጊዜ የፍሎሬንሱን ሰው ይቅር አልነው። ከዚያ ወዲህም ቢሆን የአካባቢያችን ኑሮ ከሥጋት ፈጽሞ አልተላቀቀም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለችው ጠዋት ምን ያህል ውድ እንደ ሆነች እናውቃለን።

ይህ ሁሉ ከሥራችን ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚል ባልደረባ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በመሥሪያ ቤት መስኮት ኋላ የተቀመጠ ሰው «ነገ ተመለሱ» ማለት ይቀናዋል። እኛም ከ2014 ዓ.ም. በፊት ይህን ቃል ሳናስብበት ስንት ጊዜ እንደ ተናገርን አንቆጥረውም። በደብረ ብርሃን ልጅ ታቅፈን በተሰለፍን ጊዜ፥ ለእኛ ነገ ምን ያህል ሩቅ እንደ ነበረ ካየን በኋላ ግን ቃሉ ከአፋችን አልወጣ አለ። የባለጉዳዩ ወረቀት ያልተሟላ ቢሆን እንኳ ወንበር ስቦ ማስቀመጥ፥ የጎደለውንም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ መስጠት ይቻላል። ይህ ጀግንነት ነው አንልም፤ ለዚያ ስም ያፍራል። ብቻ ካፖርቱን የሚጥል እጅና ማኅተሙን የሚመታ እጅ ሁለት ልዩ ልዩ እጆች እንዳልሆኑ ተረድተናል።

ጋቢው አሁንም በቤታችን አለ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት የሚለብሰው የለም። መጪው መስከረም ሲጠባ አጥበንና አጥፈን ወደ ደብረ ብርሃን ይዘነው ልንወጣ፥ የዚያን አጥር በር ልናንኳኳ፥ አሮጊቷን ካገኘናቸውም መጀመሪያ ስማቸውን ልንጠይቅ ቈርጠናል። ልጃችን ትምህርት ቤት ገብቷል። ሌሊቱን አያስታውሰውም፤ ቢሆንም ማታ ማታ ከሁሉ ተረት አስበልጦ የሚጠይቀን የጋቢውን ነው። እኛም ከመኪናው ጀምረን፥ ዋሻውን አልፈን፥ ፋኖሱን አሳይተን፥ «እኔማ ቤቴ ነኝ» እስከሚለው እንነግረዋለን።

«ከዚያስ?» ይለናል።

«ከዚያማ ነጋ» እንለዋለን።